በዘር ነው ወይ?

ደሴ ውስጥ አንድ ሰው «ስኳር አለብህ» ተብሎ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ዘመድ ጎረቤቱ ቀድሞ የሚጠይቀው «ከማን ወረስከው? በዘር አለባችሁ እንዴ?» ብሎ ነው። ሐኪሙም ያንኑ አስቀድሞ ጠይቆታል። ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ መከራ በድንገት ሲመጣ ሰው ሁሉ ምክንያት ይፈልጋል። ችግሩ ያለው «ዘር» በምትለው ቃል ላይ ነው። ገበሬ ከጎተራው ለይቶ ለመጪው ክረምት የሚያኖረው እህል ዘር ይባላል። ልጅና የልጅ ልጅ ዘር ይባላሉ። ከእናት ከአባት የሚወርድ ሕመም «በዘር የመጣ» ነው። ብሔርም ዘር ነው፣ የቆዳ ቀለምም ዘር ነው። ይህ ሁሉ በአንዲት ቃል ስለሚያድር ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው የምንሻገረው ሳይታወቀን ነው፤ «እናቱም ነበረባት» ተብሎ የተጀመረ ጨዋታ «የእነሱ ደም እንዲህ ነው» ላይ ሲደርስ መሻገሩን ልብ የሚል የለም። እኔ የምሟገተው በዚያ መሻገሪያ ላይ ቆሜ ነው። በሕዝቦች መካከል የሚታየው የስኳር በሽታ ልዩነት እውነት ነው እላለሁ፤ የልዩነቱን ትልቁን ክፍል ግን ያመጣው ሕዝቦቹ ያለፉበት ኑሮ ነው። ያንን ኑሮ «ዘር» ብለን ስንጠራው በሽተኛውን እንበድላለን፣ የደረሰውንም ነገር እንሸፍናለን።

ልዩነቱ መኖሩን አስቀድሜ ልቀበል። ኢንሱሊን ከጨጓራ ኋላ ከተጋደመው ቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ከምግብ ወደ ደም የገባው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ እንዲገባ፣ ጉበትም ያከማቸውን እንዳይለቅ የሚያዝዘው እሱ ነው። እነዚህ የሰውነት ክፍሎች ትእዛዙን መስማት ሲሳናቸው ሐኪሞች ኢንሱሊን ረዚስታንስ ይሉታል። ቆሽት ያን ጊዜ አብዝቶ ያመርታል፤ ለዓመታት እንዲህ ሲለፋ ቆይቶ የደከመ ዕለት ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳያቤትስ ኬር በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ሥራ 74 የጥናት ቡድኖችን፣ ከ3,800 የሚበልጡ ሰዎችን ውጤት ሰብስቦ አመዛዝኗል። አፍሪካውያን ተብለው በተመደቡት ዘንድ ሰውነት ለኢንሱሊን የመታዘዙ ነገር ዝቅ ያለ፣ የቆሽቱ ምርት ደግሞ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። በምሥራቅ እስያውያን ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ነበር፤ ሰውነት ይታዘዛል፣ ቆሽት ግን ብዙ የማምረት አቅም የለውም። አውሮፓውያን መሐል ላይ ነበሩ። ይህን የመሰለ ውጤት ያነበበ ሰው «እንግዲህ በዘር ነው» ቢል አልፈርድበትም።

ለዚህ አባባል የሳይንስ ልብስ ያለበሰው አሜሪካዊው የዘረመል ሊቅ ጄምስ ኒል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ባቀረበው ሐሳብ የጥንት ሰው አንድ ጊዜ ጠግቦ ብዙ ጊዜ ይራብ ስለነበር የበላውን በስብ መልክ ፈጥኖ የሚያከማች «ቆጣቢ» ዘረመል የያዘው ተረፈ አለ፤ ዛሬ ምግብ ሳይቋረጥ ሲመጣ ያው ቁጠባ በሽታ ሆነበት። ይህ ሐሳብ ወሎ ውስጥ ጆሮ ያገኛል። ረሃብ እዚህ የጥንት ወሬ አይደለም፣ የቤተሰብ ትዝታ ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ከረሃብ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ይወስዳል። በሺህ ዘመናት ውስጥ የሆነ ረሃብ ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም፣ የሚጠየቅበትም የለም። የወሎ ረሃብ ግን ቀን አለው። ይህንን ልዩነት ይዘን እንሂድ፤ መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል።

መጀመሪያ «ሕዝብ» የሚባለውን ሣጥን ወሎ ውስጥ በምን ስም እንደምንሞላው እንጠይቅ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ባቲ ያደርሳል፤ በባቲ የሰኞ ገበያ አፋር፣ ኦሮሞ፣ አማራና አርጎባ ከጥንት ጀምሮ ሲገበያዩና ሲጋቡ ኖረዋል። ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወደዚህ ምድር የገቡት ኦሮሞዎች ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው፣ በከሚሴ በኩል ያሉት ኦሮምኛውን ይዘዋል። በአንድ ቤት እስላምና ክርስቲያን ወንድማማች መሆን እዚህ ዜና አይደለም። ደሴን መናገሻው ያደረገው ንጉሥ ሚካኤል ራሱ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት መሐመድ አሊ የሚባል የሙስሊም ባላባት ነበር። እንዲህ ባለ አገር ቅጽ ላይ «ብሔር» ተብሎ የሚሞላው ቃል የአባትን ወገን፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ወይም የተወለዱበትን ወረዳ ይናገር ይሆናል፤ ስለ ቆሽት ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። የዘረመል ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመውና የኢትዮጵያውያንን ዘረመል በስፋት የመረመረው የፓጋኒና የባልደረቦቹ ሥራ የሴም ቋንቋ ተናጋሪዎችና የኩሽ ቋንቋ ተናጋሪዎች በዘረመል እጅግ እንደሚቀራረቡ፣ ሁለቱም ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከቀይ ባሕር ማዶ ከመጣ ሕዝብ ጋር እንደተቀላቀሉ አሳይቷል። አማራና ኦሮሞ በፖለቲካ የቱንም ያህል ቢራራቁ በደም የተራራቁ አይደሉም። ሌላም ነገር አለ። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የ74 ቡድኖች ንጽጽር «አፍሪካዊ» የተባለው ወገን አሜሪካ የሚኖሩትን ጥቁሮች ጭምር የጠቀለለ ነው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰዱ፣ ዛሬም በሌላ ምግብ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ጭንቀት የሚኖሩ ሰዎችን። የወሎዋ ተንታ ገበሬ ከእነሱ ጋር በአንድ ሣጥን የሚገባው በቆዳው ቀለም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «የኢትዮጵያ ሕዝቦች በአካል ፈጽሞ አይለያዩም ማለትህ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በከፍታ ላይ ስለመኖር የተደረጉ ጥናቶች የታወቁ ናቸው፤ በሰሜን ተራሮች የሚኖሩ አማሮች አየሩ ቢሳሳም የደማቸው ሄሞግሎቢን እምብዛም አይጨምርም፤ በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። ይህ እውነተኛ የአካል ልዩነት ነው። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ ግን የሚጠቅሱት የመኖሪያ ዘመንን ነው፦ አማሮቹ ከፍታው ላይ ብዙ ሺህ ዓመት ኖረዋል፣ ኦሮሞዎቹ ወደዚያ የወጡት ከ500 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዘረመል ውስጥ የተገኘው ልዩነት እንኳ የት ለምን ያህል ጊዜ እንደተኖረ የሚነግረን የታሪክ ማኅደር ነው። ከዚያም በላይ ለአንድ ነገር፣ ለአየር መሳሳት፣ የተገኘ ልዩነት ለሌላው ነገር ሁሉ ማስረጃ አይሆንም። ስኳር በሽታ በብዙ መቶ የዘረመል ነጥቦች የሚነካ፣ እያንዳንዱም ጥቂት ብቻ የሚጨምርበት በሽታ ነው። በቤተሰብ ውስጥ መውረዱ እርግጥ ነው፤ እናት አባቱ የታመሙበት ሰው ቶሎ ቶሎ መመርመር አለበት። በቤተሰብ ይወርዳል ማለትና በብሔር ይወርዳል ማለት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቤተሰብ የሚጋራው ዘረመልን ብቻ አይደለም፣ ማዕዱንና ያሳለፈውን ክፉ ቀንም ነው።

አሁን ወደ ክፉ ቀኑ። ማህፀን ውስጥ ያለ ፅንስ ምግብ ሲያጥረው የሚያደርገውን ነገር ለወሎ አንባቢ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዝናብ የቀረበት ገበሬ መጀመሪያ በጉንና ፍየሉን ይሸጣል፣ ቀጥሎ ላሟን፣ በመጨረሻ የእርሻ በሬውን። የዘር እህሉን እስከ ቻለ ድረስ ይጠብቃል። ክረምቱ በተመለሰ ጊዜ መሬት አለው፣ ዘርም ተርፎት ይሆናል፤ በሬ ግን የለውም። ፅንሱም እንዲሁ ነው። ያለውን ጥቂት ምግብ ለአንጎሉ ይሰጣል፤ ጡንቻው፣ ኩላሊቱ፣ ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሕዋሳት ድርሻቸው ይቀነሳል። ኋላ ጥጋብ ሲመጣ ያንን ጥጋብ የሚያርስበት በሬ ያጥረዋል። እንግሊዛውያኑ ሄልስና ባርከር እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው። የኒልን ሐሳብ የሚመስለው ከሩቅ ብቻ ነው፤ በኒል ዘንድ ቆጣቢው የተወለደበት ዘረመል ነው፣ በእነዚህ ዘንድ ግን በአንድ የእርግዝና ወራት ውስጥ የተደረገ ቁጠባ ነው። የየትኛውም ብሔር ልጅ በዚያ ማህፀን ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር።

ማስረጃው ከአውሮፓ ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት ጀርመኖች ምግብ የከለከሏቸው የሆላንድ ከተሞች ተራቡ። በዚያን ጊዜ ማህፀን ውስጥ የነበሩት ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን የሚያስተናግድበት አቅም ከረሃቡ በፊት ከተወለዱትና በኋላ ከተፀነሱት ደክሞ ተገኘ። ደች ናቸው፤ «አፍሪካዊ ዘር» የሚል ማብራሪያ እዚያ አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 በቻይና፣ በ1932 እና በ1933 በዩክሬን የሆነው ረሃብም ወደዚያው ያመለክታል። በእኛም አገር ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. በነበረው ረሃብ ጊዜ ማህፀን ውስጥ የነበሩትን በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ ወረዳ ፈልገው ያጠኑ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አሉ። ቦርጭ፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የደም ስብ በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚመጡበት ሁኔታ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ረሃቡ ካላገኛቸው ይልቅ በዝቶ አግኝተውታል። ቆቦ ከደሴ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ በ1977 ዓ.ም. መላው ዓለም በቴሌቪዥን ያያት ኮረምም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ከተማ ነበረች።

ይህ ማስረጃ እንከን እንዳለበት መደበቅ አይገባኝም። በረሃብ ዘመን የተወለዱት ከረሃቡ በኋላ ከተወለዱት በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ስኳር ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይመጣል፤ በቻይና የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች ዕድሜን በሚገባ ሳያስተካክሉ የረሃቡን ድርሻ አግንነዋል ተብለው ተተችተዋል፣ ትችቱም ትክክል ነው። ሁለተኛው እንከን ይበልጥ ያሳዝናል። የምንመረምረው የተረፉትን ነው። በ1977 ዓ.ም. ከሁሉ የተጎዱት ሕፃናት ለምርመራ አልደረሱም። ይህ ግን ክርክሬን አያዳክመውም፤ ብርቱዎቹ ተርፈው እንኳ ጉዳቱ ከታየባቸው ያልተረፉት ቢቆጠሩ ምን ይታይ እንደነበር መገመት አይከብድም። የሆላንዱ ጥናት ደግሞ ከረሃቡ በፊት የተወለዱትንም በኋላ የተፀነሱትንም ስላነጻጸረ የዕድሜው ትችት አያፈርሰውም።

ረሃቡ ብቻውንም በሽታ አያደርግም፤ ጥጋቡ መከተል አለበት። ለዚህ ከሁሉ የጠራው ማሳያ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በረሃ አቋርጠው፣ ከ14,000 የሚበልጡት ደግሞ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን በሁለት ቀን ውስጥ ተወስደዋል። አገር ቤት ሳሉ ስኳር በመካከላቸው ብርቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከሄዱ ጥቂት ዓመታት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት በወጣቶቻቸው ዘንድ እንኳ በሽታው በዝቶ ማየቱን አስታወቀ፤ ኋላም በዚያ በኖሩ ቁጥር እየጨመረ ሄዷል። ደማቸው አውሮፕላን ላይ አልተቀየረም። የተቀየረው ማዕዱ፣ ሥራውና የእግሩ መንገድ ነው። «እንግዲያስ ለምን ከአውሮፓ የመጡት እስራኤላውያን እኩል አልታመሙም? ያው ዘር አይደለም ወይ?» የሚል ካለ መልሱ አውሮፓውያኑ ያንን ምግብ ከእነዚያ ማህፀኖች ወጥተው አልጀመሩትም የሚለው ነው። የሰሜን አሜሪካዎቹ ፒማዎችም ሌላ ምስክር ናቸው። አንድ ሕዝብ ሆነው የድንበሩ መስመር በአሪዞናና በሜክሲኮ ከፈላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በአሪዞና ካሉት ጎልማሶች 38 በመቶ ስኳር ሲኖርባቸው በሜክሲኮ ተራራ እያረሱ ከሚኖሩት ግን የታመሙት 7 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የአሪዞናዎቹ ወንዝ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በነጭ ሰፋሪዎች ተጠልፎ እርሻቸው ደርቋል፣ ረሃብ ገብቷል፣ ከዚያ በኋላ የመንግሥት እርዳታ ዱቄትና ስብ ተከትሏል። ዘረመል ድርሻ የለውም አልልም፤ ዘረመሉ ያው ሆኖ ሳለ በሽታው አምስት እጥፍ የሚለያይ ከሆነ ግን የማብራሪያው ሸክም ወደ ወንዙ ይዞራል።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ከገጠር ተነሥተው ደሴና ኮምቦልቻ የቀሩ ብዙ ናቸው። ያኔ ማህፀን ውስጥ የነበሩት ልጆቻቸው ዛሬ የሃምሳና የአርባ ዓመት ጎልማሶች ናቸው፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሰውን የሚጎበኝበት ዕድሜ። ከሐረጎ ጠመዝማዛ በታች ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ሥራ አለ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሰውን ከእርሻ ወደ ወንበር አምጥቷል። የደሴን ዳገት በእግሩ ይወጣ የነበረ ዛሬ በባጃጅ ይወጣል። ሻዩ ስኳር የበዛበት ነው፣ ከጤፍ ይልቅ የፉርኖ ዱቄት ዳቦና ፓስታ ይረክሳል፣ ለስላሳ በየሱቁ አለ። በሬ የሌለው አራሽ ሰፊ መሬት ተሰጠው እንደማለት ነው።

ነገር ግን «ስኳር የጥጋብ በሽታ ነው» የሚለው አነጋገርም ግማሽ እውነት ነው፣ ሰው ገድሏልም። ጎንደር ውስጥ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ለብዙ ዓመታት የተከታተሏቸው የገጠር ሕሙማን አብዛኛዎቹ ወንዶች፣ ወጣቶች፣ ቀጫጭኖችና ደሃ አራሾች ነበሩ። ኢንሱሊን ካልተሰጣቸው አይድኑም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት በሽታው ከድህነትና ከትምህርት እጦት ጋር መያያዙን አሳዩ፤ ከምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር አለ ወይ የሚለው ክርክር እንደገና እንዲከፈትም ጠየቁ። ክርክሩ ተዘግቶ ነበርና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ዓይነት በዝርዝሩ አስገብቶ በ1999 አውጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን አምስተኛ ዓይነት ብሎ እንደገና ስም ሰጠው። በሕንድ የተደረገ ምርመራ የእነዚህ ቀጫጭን ሕሙማን ሰውነት ለኢንሱሊን እንደሚታዘዝ፣ የጎደለው ምርቱ መሆኑን አረጋግጧል። እስቲ ይህንን ከዚያ ከ«አፍሪካውያን» ሣጥን ጋር አስተያዩት፤ ሣጥኑ የሚለው ምርቱ ብዙ፣ መታዘዙ ጥቂት ነው። በሣጥኑ የሚመራ ሐኪም ከወሎዋ ደላንታ የመጣውን ቀጭን ገበሬ የማይሆን መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። እዚህ ላይ የዘር ስም ስህተትነቱ የፍልስፍና ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

የሐኪሞችን ተቃውሞ አክብሬ እሰማለሁ። «በቀን ስልሳ ሰው የሚያይ ሐኪም የያንዳንዱን ታሪክ አይጠይቅም፣ መስፈርት ያስፈልገዋል፤ በሕዝብ የተለየ መስፈርት ደግሞ ሰው አድኗል» ይላሉ። እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ለእስያውያን ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ ከ25 ይልቅ 23 ላይ እንዲያስጠነቅቅ ባያመለክቱ ኖሮ ብዙ ሕንዳውያን «ቀጭን ነህ፣ ምንም የለብህ» እየተባሉ ይመለሱ ነበር። ግን ያው መስፈርት እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሆነ እንይ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2005 የወገብ ዙሪያን ልክ በሕዝብ ሲከፋፍል ለአውሮፓ ወንድ 94 ሳንቲ ሜትር፣ ለደቡብ እስያ ወንድ 90 አለ፤ ከሰሐራ በታች ላሉት አፍሪካውያን ደግሞ የራሳቸው ማስረጃ እስኪሰበሰብ የአውሮፓውን ይጠቀሙ አለ። ስለዚህ ደሴ ላይ ወገብ የሚለካው ሜትር የአውሮፓ ቁጥር የታተመበት ነው። በሕዝብ የወጣ መስፈርት ምንም በማይታወቅበት ጨለማ የሚበራ ኩራዝ ነው። የደሙ ስኳር ከተለካ፣ የልደቱ ዓመትና ቦታ ከተጠየቀ በኋላ ግን ነግቷልና ኩራዙ ይጥፋ። «በስንት ዓ.ም. ተወለድህ? የት? እናትህ ያኔ በምን ሁኔታ ነበረች?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ«ብሔር» ሣጥን ይልቅ ለወሎ ሰው ቆሽት የሚቀርበው ይህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንግባ። ልጅ እናቱ በተራበችው ረሃብ በአርባ ዓመቱ ከታመመ ይህ ፍትሕ ነው ወይ? የወሎ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ለዚህ የሚጠቅሰው መጽሐፍ አለው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ከልደቱ ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን ይጠይቃሉ። የደሴው «ከማን ወረስከው?» ከዚህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። መልሱም የሁለቱም አይደለም የሚል ነበር። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን በደል አይሸከምም ብሎ የዘመኑን ተረት ይሽራል። ቁርኣንም ሱረቱል አንዓምን ጨምሮ በአምስት ቦታ አንዲት ነፍስ የሌላይቱን ሸክም እንደማትሸከም ይናገራል። በኦሪት ዘጸአት የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ መፈለጉ ተጽፏልና ረሃቡም የደም ስኳሩም መቅሠፍት ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ሁለቱ ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው እላለሁ፦ ጥፋት አይወረስም፣ ጉዳት ግን ይወረሳል። አባቱ ያልከፈለው ዕዳ ቤቱን ያሸጠበት ልጅ ጥፋተኛ አይደለም፤ ቤት ግን የለውም። መጻሕፍቱ በልጁ ላይ መፍረድን ከለከሉ፤ ቤት አልባነቱን ግን አልካዱም። ሳይንሱም የሚለው ያንኑ ነው። ጉዳቱን «በዘር ነው» ብሎ ወደ ደም መመለስ መጻሕፍቱ የከለከሉትን ፍርድ በሌላ በር ማስገባት ነው፤ ደም የሰውየው ነውና የተከሰሰው እሱ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ቀን ያለውን ረሃብ ይዘን እንሂድ ያልኩት ለዚህ ነበር። አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ ያጠናበት መጽሐፍ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ መርምሮ ያገኘው ነገር ዛሬም ያስደነግጣል። በዚያን ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም ነበር፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣም ነበር። ገበሬው የተራበው እህል ስለጠፋ ብቻ አልነበረም፣ የሚገዛበት ስለጠፋ ነበር። መንግሥት ነገሩን ሸፈነው፤ በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባይታይ ኖሮ ሽፋኑ ይቀጥል ነበር። በመስከረም 1977 ደግሞ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በደመቀ በዓል ሲያከብር ወሎና ትግራይ እየረገፉ ነበር። በእነዚህ ወራት ማህፀን ውስጥ የነበረ ልጅ ቆሽት ላይ የደረሰው ነገር ከሰማይ ብቻ አልወረደም። ይህን ማወቅ አማኝን ከአምላኩ አያጣላውም፤ ሰው የሠራውን በአምላክ ላይ ከመለጠፍ ያድነዋል እንጂ።

አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። «ጥፋቱ የታሪክ ነው ካልከው በሽተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ እንዳሻው ይብላ፣ መድኃኒቱን ይተው ማለት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ነገሩ የሚገላበጥ ይመስለኛል። ሰው እጁን የሚያጣጥፈው «ደሜ ነው» ሲባል ነው፤ ደም አይቀየርምና። በሬ እንደሌለው ያወቀ አራሽ ከጎረቤቱ በደቦ ያርሳል ወይም ማሳውን ያሳንሳል፤ ያላወቀው ባለበሬ ነኝ ብሎ ክረምቱ ያልፍበታል። በ1977 ዓ.ም. የተፀነሰ ሰው ጥቂት ኪሎ መጨመሩ ለሌላው ከሚጎዳው በላይ እሱን እንደሚጎዳው ካወቀ ሳይውል ሳያድር ይመረመራል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ሻዩ ላይ ስኳር ይቀንሳል። ሐፍረት የሌለበት ጥንቃቄ ይኖረዋል። የዓቢይ ጾም ወይም የረመዳን ጾም ሲመጣም መድኃኒቱን ደብቆ አይተውም፤ ሐኪሙን፣ ቄሱን ወይም ሼኩን ያማክራል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው በር ከፍተዋልና። የግል ኃላፊነት የሚጀምረው ሰው የያዘውን ነገር በትክክል ሲያውቅ ነው፤ የኅብረተሰቡ ኃላፊነት ደግሞ በዚያ አያልቅም። በገበያ ዳቦ ከሽሮ ሲረክስ፣ ኢንሱሊን ከደሴ ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሲቀር ሕመምተኛውን ብቻ መውቀስ አይቻልም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ደቡብ ሲወርድ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ከጥቅምት 2014 ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙበት ጊዜም ሆስፒታሉና መጋዘኖቹ ተዘርፈዋል። በትምህርት ቤቶቹ ክፍሎች ወለል ላይ የሚያድሩ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። አማራም፣ ኦሮሞም፣ አርጎባም ነበሩባቸው፤ ማህፀናቸው ውስጥ ያለው ልጅ የጎደለበት ነገር ግን አንድ ነበር። እነዚያ ልጆች በ2054 ዓ.ም. አርባ ዓመት ይሞላቸዋል። በ1977 ዓ.ም. የተወለዱትን መዝኖ የጻፈላቸው አልነበረም። የእነዚህን የልደት ክብደትና የእናታቸውን የእርግዝና ወራት ለመጻፍ ግን አሁንም ጊዜ አለ፤ እናቶቹ በሕይወት አሉ፣ ያስታውሳሉም።